ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ፣ ነርሲንግ ልተው?

ደብዳቤው የመጣው ከአንዲት የ21 ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። ጉበትን የሚያጠቃውን ቫይረስ፣ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ከመውሰዷ በፊት ስትመረመር ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ተገኘ። «ሜዲካል ዋርድ ለፕራክቲካል ስንወጣ የጉበት ሕመምተኞችን መንከባከብ በጣም ወድጄ ነበር። አሁን ዲፓርትመንት ለመቀየር ፎርም ሞልቼ ይዣለሁ። ለቤተሰቤ አልተናገርኩም። ቤት ስሄድ ሰበብ እየፈለግኩ ለብቻዬ እበላለሁ። ምን ይሻለኛል?» ብላለች።

እህቴ፣ ነርሲንግን አትተዪ። ፎርሙንም አታስገቢ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ሜዲካል ዋርድ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግርሽ የማውቀውን ሥራ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ራስሽ እናውራ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት የሆነ ጥፋት የሠራሽ መስሎሻል። አልሠራሽም። በእኛ አገር ይህ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚይዘው ገና በሕፃንነቱ ነው፤ ሲወለድ ከእናቱ፣ ወይም በልጅነቱ አብረውት ከሚኖሩ ሰዎች። ሲወለዱ ከሚያዙ 10 ሕፃናት በ9ኙ ላይ ቫይረሱ ሥር ሰዶ ይቀራል። ካደጉ በኋላ ከሚያዙ ጤነኛ ሰዎች ግን ከ100 በ5ቱ ላይ እንኳ አይቆይም። ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አንቺ ያኔ ተወልደሻል።

አሁን የሚያስፈልግሽ አንድ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት አይደለም። የቫይረሱ መጠን፣ ማለትም ቫይራል ሎድ፣ ይለካ። ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ይታይ። አልትራሳውንድ ተነሺ። ብዙ ሰው ቫይረሱ ኖሮበት ጉበቱ ደህና ነው፤ መድኃኒትም ወዲያው አያስፈልገውም፣ ክትትል ብቻ። ሐኪሙ ቫይረሱ እንዳይባዛ የሚገታውን ኪኒን፣ ቴኖፎቪርን፣ ካዘዘልሽ ደግሞ በየቀኑ ትውጪዋለሽ፤ ሳታማክሪው አታቋርጪውም፣ ድንገት ማቋረጥ በሽታውን ሊቀሰቅሰው ይችላልና። አልኮል ተዪ። ቫይረሱን «ያጥባል» የተባለ ቅጠል ሁሉ አትጠጪ።

ወደ ሙያሽ ስንመጣ፣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ሄፓታይተስ ቢ ብቻውን የሕክምና ወይም የነርሲንግ ተማሪን ከትምህርትም ከሥራም አያግድም። ገደብ ያለው በጥልቅ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው፤ ሐኪሙ እጁ ከታካሚው ሰውነት ውስጥ ገብቶ፣ ስለቱን በደንብ ሳያይ በሚሠራበት ዓይነት። ለዚያም ቢሆን ቫይራል ሎዱ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1,000 ዩኒት በታች ሆኖ ክትትል ከተደረገለት መሥራት ይችላል። አንቺ የምትሠሪው ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት፣ መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ ነው። ይህ እዚያ ውስጥ አይካተትም። ጓንትሽን አድርጊ፤ ቆዳሽ ከተቆረጠ በደንብ ሸፍኚው፤ የተጠቀምሽበትን መርፌ መልሰሽ አትክደኚ፣ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣዪው። ይህ ደግሞ ቫይረሱ ኖረባትም አልኖረባት የማንኛዋም ነርስ ግዴታ ነው። ለክፍል ጓደኞችሽ የመናገር ግዴታ የለብሽም። የምትለማመጂበት ሆስፒታል የኢንፌክሽን መከላከል ክፍል ካለው፣ ደንባቸውን እዚያ በምስጢር ጠይቂ።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ፤ እሱንም አልደብቅሽም። ብዙ ነርሶች ወደ አረብ አገር ሄዶ መሥራትን ያቅዳሉ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሠራተኛ የሚጠይቁት የቅድመ ጉዞ ጤና ምርመራ ሄፓታይተስ ቢን ያካትታል፤ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ብዙውን ጊዜ «ብቁ አይደለም» ይባላል። ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ግን ዕቅድሽን ስታወጪ እወቂው። «ውጤቱን አስተካክላለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘብሽን አትስጪው።

አሁን ወደምትወጂው ዋርድ እንሂድ። የጉበት ሕመምተኛ ነርስ የሚፈልግ ሕመምተኛ ነው። ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፣ ብዙ ሥራ በአንድ ላይ የሚሠራ አካል ነው። ከአንጀት የሚመጣውን ደም ያጣራል፣ አልቡሚን የሚባለውን፣ ውሃ ከደም ሥር እንዳይወጣ የሚይዘውን ፕሮቲን ይሠራል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፣ መርዛማውን አሞኒያ በሽንት ወደሚወጣ ዩሪያ ይለውጣል፣ ሐሞት ያመነጫል። ሲደክም ምልክቱ ከእነዚህ ሥራዎች ነው የሚመጣው። አልቡሚን ሲያንስና ወደ ጉበት የሚገባው ደም ሥር ግፊቱ ሲጨምር ሆድ ውሃ ይቋጥራል። የሚያረጋው ፕሮቲን ሲጎድል ድድ ይደማል። ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ቀለም ሲከማች ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሕዝባችን የወፍ በሽታ የሚለው።

ጠዋት ጠዋት ሕመምተኛውን መመዘን፣ የሆዱን ዙሪያ መለካት፣ የሽንቱን መጠን መመዝገብ ቀላል ሥራ ይመስላል። ሐኪሙ ግን የሽንት ማብዣውን መጠን የሚወስነው በአንቺ ቁጥር ነው። ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ትኩሳት ካመጣ ወይም ሆዱን ካመመው ውሃው ኢንፌክሽን ይዞ ሊሆን ይችላልና እስከ ነገ አይጠበቅም። ደም ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሁለት ወፍራም ካኑላ አስገቢ፣ ደም እንዲዘጋጅ አድርጊ፣ ሐኪሙን ጥሪ፣ ብቻውን ጥለሽው አትሂጂ።

ከሁሉ በላይ የነርስ ዓይን የሚፈልገው ግን ጉበት ያላጣራው እንደ አሞኒያ ያለ መርዝ ሲከማች አንጎል ላይ የሚመጣው ለውጥ ነው። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ዕለቱን ስትጠይቂው ይሳሳታል። እጁን ዘርጋ ስትዪው መዳፉ ይርገበገባል። ሐኪሙ በራውንድ ለጥቂት ደቂቃ ያየዋል፤ አንቺ ግን ስምንት ሰዓት አብረሽው ነሽ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ «ዛሬ ልጄ ልክ አይደለም» የምትለው እናት ናት፤ እሷን የምትሰማ ነርስ ሁኑ እላለሁ ለተማሪዎቼ ሁሉ። ቀስቃሹ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ የውስጥ መድማት ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ሊሆን ይችላል። «እንቅልፍ አሳጣን» ብለው አስታማሚዎች ቢለምኑሽም ዲያዜፓም ለመስጠት አትቸኩዪ። ሆድ አለስልሶ አሞኒያን የሚቀንሰው ላክቱሎስ ሲታዘዝ ግቡ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ነው። ያንን ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው ከሌለ መድኃኒቱ በልክ መሰጠቱ አይታወቅም።

ሐሞት ከረጢትም አለ። እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ነው። ጾም ተፈትቶ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከተበላ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር የሚጀምርና ወደ ትከሻ የሚሄድ ሕመም ግን የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የዓይን ቢጫ መሆን ከተጨመሩ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ መመረዝ ጀምሮ ይሆናል፤ ድንገተኛ ነው።

መንገዱ ይህን ይመስላል። ዲግሪሽን ጨርሺ፣ የመውጫ ፈተናና የሙያ ብቃት ምዘናውን እለፊ፣ ሜዲካል ዋርድ ያለበት ትልቅ ሆስፒታል ጠይቂ። እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ የጨጓራ፣ አንጀትና ጉበት ስፔሻሊስቶች በሚሠለጥኑባቸው ሆስፒታሎች ሥራውን ከቅርብ ታያለሽ። ከዚያ ኢንዶስኮፒ ክፍል (ጨጓራና አንጀት ካሜራ ባለው ቱቦ በሚታይበት) መሥራት፣ ወይም በአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ ማስተርስ መማር ይቻላል። የእኔ ምርጫ ግን የሄፓታይተስ ክትትል ክሊኒክ ነው። ውጤቱን ሰምቶ ክው ብሎ የሚቀመጥ ሰውን ማናገር የሚችል ነርስ በጣም ያስፈልጋል።

የቤትሽን ነገር መጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። እናትሽና ወንድም እህቶችሽ መመርመር አለባቸው። ነጻ የሆኑት ሦስት ዙር ክትባት ይውሰዱ፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። ለእናትሽ ስትነግሪያት «ከአንቺ ነው» እንዳይመስልባት ተጠንቀቂ፤ «ሁላችንም እንመርመር» ብለሽ ጀምሪ። ለብቻ መብላቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በመጎራረስ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ለብቻሽ የምትይዢው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ነው።