ጥያቄና መልስ፦ በወረርሽኙ ወቅት የቤተሰብ የአእምሮ ጤና (ጅማ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም.)

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ከተገኘበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ጭምብል ብዙ ሰምተናል። በየቤታችን ውስጥ ስለሚነሣው ጭንቀት ግን የምንጠይቀው ሰው አላገኘንም ነበር። ስለዚህ የእድራችን አባላት ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አቅርበው፣ ለረጅም ዓመታት በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ያገለገሉት ሲስተር እንደሚከተለው መልሰውላቸዋል።

እናት፣ ከሂርማታ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ በየወሩ የአእምሮ ሕመም መርፌ ይወጋል። ሆስፒታል መሄዱን ፈርቼ የግንቦቱን ቀጠሮ አሳለፍኩት። እስካሁን ግን ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይጫወታል። ይህ ክፉ ጊዜ እስኪያልፍ ቢቆይ ጉዳት አለው?

ሲስተር፦ አዎ፣ እናቴ፣ ከባድ ጉዳት አለው። ይህ መርፌ በዘይት የተዘጋጀ በመሆኑ ከጡንቻው ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ደም እየገባ ለሳምንታት ይሠራል፤ ስለዚህ ልጅዎ ቀጠሮው ካለፈ በኋላም ደህና ሆኖ የሚታየው ቀድሞ የተወጋው ገና ተሟጦ ስላላለቀ ነው እንጂ ሕመሙ ስለተወው አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው እንቅልፍ ነው። ሌሊት መንጎራደድ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ገላውን መታጠብ ይተዋል፣ ምግቡን ይጠረጥራል፣ ብቻውን ያወራል። ያን ጊዜ ለአጭር ቀጠሮ ሳይሆን ለመተኛት ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል ይዘውት ይሄዳሉ፤ የፈሩት ሆስፒታል ውስጥም ብዙ ቀን ይቆያሉ። ነገ ጠዋት ጭምብል አድርጋችሁ፣ ከአንድ አስታማሚ በላይ ሳትሆኑ ሂዱ፤ የሚቀጥለውን መርፌ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ መውሰድ ይችል እንደሆነም ጠይቁ። እንክብል የሚወስድ ታማሚ ያላችሁ ደግሞ የሁለትና የሦስት ወር እንዲታዘዝላችሁ ሐኪሙን ለምኑ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ የማያባራ መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል፤ እርሱም ይገድላል። መድኃኒት ያለ ባለሙያ ቃል አይቆምም፣ አይቀነስም።

ነጋዴ፣ ከአጋሮ፦ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር አዘጋጅተን ብንወስድ በሽታውን ይከላከላል ይባላል። እውነት ነው?

ሲስተር፦ ለዚህ ስለ ኮሮና መረጃ በሚሰጠው ነጻ የስልክ መስመር 8335 ደውለው ይጠይቁ።

ስሜን አልጠቅስም፦ ቤተሰቤ ተጨንቋል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ሲስተር፦ በዚህ መልክ ለቀረበ ጥያቄ መልስ መስጠት አልችልም። የተጨነቀው ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ሥራው እንዴት ነው? እነዚህን ጽፈው ይመለሱ። ይሁን እንጂ ከቤተሰቡ መካከል ሕይወቴ በቃኝ የሚል ቃል የተናገረ ሰው ካለ፣ የእኔን መልስ አይጠብቁ፤ ብቻውን አይተዉት፣ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

መምህርት፣ ከጊንጆ፦ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የሰባት ዓመት ልጄ ሽንቷን አልጋ ላይ መልቀቅ ጀምራለች፤ ከአራት ዓመቷ በኋላ ትታው ነበር። ቀሚሴን ይዛ ከአጠገቤ አትለይም።

ሲስተር፦ ልጆች ሲፈሩ ወደ ኋላ ተመልሰው የሕፃን ጠባይ ያሳያሉ። አይቆጧት፣ በእህት በወንድሞቿ ፊትም አያሳፍሯት፤ አንሶላውን ዝም ብለው ይቀይሩ። ሽንቷን ስትሸና የሚያቃጥላት ወይም ውኃ አብዝታ የምትጠጣ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ትታይ። የሟቾችን ቁጥር በየቀኑ ከቴሌቪዥን እየሰማች ከሆነ ያንን ያስቀሩና፣ ስለ በሽታው በአጭሩ እውነቱን ይንገሯት። የመኝታና የመነሻ ሰዓቷ ትምህርት ቤት ሳለች እንደነበረው ይሁን።

የባጃጅ ሹፌር እህት፣ ከመንደራ ቆጪ፦ ወንድሜ ሥራው ከቀዘቀዘ ወዲህ ከቀትር ጀምሮ ይቅማል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፤ ሌሊቱን አይተኛም። ጎረቤት ሊገድለኝ ያሴራል ማለት ጀምሯል።

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አእምሮን ያነቃል፣ እንቅልፍን ይከለክላል። ለእንቅልፉ ተብሎ ጨብሲ ሲጨመርበት ደግሞ ሰውየው የሚያገኘው እንቅልፍ የተቆራረጠና የማያሳርፍ ነው፤ በማግስቱ በድካምና በሀራራ ተነሥቶ ይነጫነጫል፣ ያንን ለማባረር ከትናንቱ ቀድሞ ይቀመጣል። ቀድሞ ሥራ ይገድበው የነበረው ሰው ቀኑ ባዶ ሲሆንበት ሰዓቱም መጠኑም ይጨምራል። ወንድምሽ የደረሰበት ጥርጣሬ ግን ከጠባይ ለውጥ ያለፈ ነው፤ በምክርና በጭቅጭቅ አይመለስም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው፤ «ጥፋተኛ ነህ» ብላችሁ ሳይሆን «እንቅልፍ ስላጣህ እንታከም» ብላችሁ ውሰዱት። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከቃመ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ለመቃም ብሎ መድኃኒቱን የሚዘልም አለ። ደግሜ እላለሁ፦ መድኃኒት አይቋረጥ።

አርሶ አደር፣ ከዴዶ፦ ሲስተር፣ ከይቅርታ ጋር፣ ጫት ልጆቻችንን ያስተማርንበት ነው። አባቶቻችንም ቅመው ዱዓ አድርገውበታል።

ጡረተኛ መምህር፦ አባቶች በበርጫ ተሰብስበው በልክ ይቅሙ ነበር፤ የዛሬው ወጣት ግን ብቻውን ነው የሚቅመው። በዚያ ላይ የቡና መሬት እየተነቀለ ጫት ሲተከል እያየን ዝም ማለት የለብንም።

አርሶ አደር፣ ከዴዶ፦ የቡና ዋጋ ሲወድቅ መምህሩ ለቤተሰቤ እህል ይሸምቱልኛል?

ጡረተኛ መምህር፦ እኔ ያልኩት ስለ ወጣቱ ነው።

ሲስተር፦ የሁለታችሁንም ችግር አውቃለሁ፤ የመሬቱን ነገር ግን በሌላ ጊዜ ተነጋገሩበት። እዚህ አንዲት እህት ሌሊት የማይተኛ ወንድም ይዛ ቀርባለች።

ወጣት፣ ከቦሳ ቂጦ፦ አጎቴን ጸበል ልንወስደው ነው፤ እዚያ ሲሄድ መድኃኒቱን ይተው ተብለናል።

ሲስተር፦ ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ሌላው ቤተሰብም ቁርኣን ያስቀራ፤ መድኃኒቱ አብሮት ይሂድ።

ልጅ፣ ከበቾ ቦሬ፦ አባታችን አዲስ አበባ አርፎ ለቀብሩ አልደረስንም፤ ድንኳንም አልጣልንም። መርዶውን በስልክ ነው የሰማነው። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንባ አልወጣትም፤ ዝም ብላ የቤቱን ሥራ ትሠራለች።

ሲስተር፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ፋሲካንም ረመዳንንም በየቤታችን አሳልፈናል፤ ከሁሉ የከበደብን ግን ለቅሶው ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ የሚነገረው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው፤ ለቅሶ ደራሹም እየገባ እየወጣ ሟቹን ያነሣዋል፣ ሐዘንተኛዋም እየሰማች ታለቅሳለች። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሲቀር ሐዘኑ መውጫ ያጣል። ሰው ማብዛት ባይቻልም ከለቅሶው የሚተርፍ አለ። ከእድሩ አንድ ሁለት ሰው በየቀኑ በተራ መጥተው ደጅ ላይ ተራርቀው ይቀመጡ፤ ስለ ፖለቲካና ስለ ወረርሽኙ ሳይሆን ስለ አባታችሁ ያውሩ። የሩቅ ዘመዶች ማታ ማታ በታወቀ ሰዓት ይደውሉ። ፎቶውን አትደብቁ። እናትሽን «አልቅሺ» ብላችሁ አታስገድዱ፣ «በርቺ» እያላችሁም አፏን አትዝጉት። አርባውን ወይም ሰደቃውን መቼና እንዴት እንደምታደርጉ ከእርሷ ጋር ወስኑ፤ ቀን መቁረጡ ራሱ ያሳርፋል። ወደፊትም መርዶ የምትናገሩ ሁሉ፣ ሰውየው ብቻውን መሆን አለመሆኑን ሳታውቁ በስልክ አትንገሩ፤ አስቀድማችሁ የሚታመን ጎረቤት ደጁ ላይ እንዲደርስ አድርጉ።

አባት፣ ከጅሬን፦ የልጄ የሚጥል በሽታ እንክብል ሊያልቅ ነው፤ እንዲበቃን ግማሽ ግማሽ ብሰጠው?

ሲስተር፦ አይሆንም! የመጀመሪያውን መልስ አላነበቡትም። ካርዱን ይዘው ዛሬ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከሌለ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ይለፉ።

ልጅ፣ ከሂርማታ፦ የመርሳት ሕመም ያለባትን እናቴን ብቻዬን አስታምማለሁ። ሠራተኛዋ ወረርሽኙን ፈርታ ሄዳለች። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ ሙሉ አልተኛሁም፤ ትናንት ጮህኩባት።

ሲስተር፦ ያልተኛ አስታማሚ ይጮኻል፣ መድኃኒት ሲሰጥም ይሳሳታል፤ ስለዚህ በቅድሚያ የሚያስፈልግሽ እንቅልፍ ነው። ወንድምና እህት ካለሽ ገንዘብ መላክ ብቻውን እንደማይበቃ ንገሪያቸውና በሳምንት ሁለት ሌሊት ከመካከላቸው አንዱ ጤነኛ የሆነ መጥቶ ይደር፤ እጁን ታጥቦ፣ ጭምብል አድርጎ። እምቢ ካሉ የእድሩን ሊቀመንበር አነጋግሪ፤ እኔም አብሬሽ አናግራቸዋለሁ። እናትሽ ቀን እንዳታንቀላፋ ጠዋት ፀሐይ ላይ ትቀመጥ፣ ከቀትር በኋላ ቡና አትስጫት፣ የሽንት ቤቱ መብራት ሌሊቱን ይብራ። የእንቅልፍ ኪኒን ከሱቅ ገዝተሽ እንዳትሰጫት።