ገንዘቤን ስጡኝ ለሚል ሰው ተዘጋጁ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚቀመጥ ወጣት ድሮ የሚያወራው ስለ ባጃጅ ነበር። በቀን ስንት ታስገባለች፣ ሹፌሩ ስንት ይወስዳል። አሁን ወሬው ፈንድ ሆኗል፤ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ላይ አሰባስቦ በጋራ ማትረፍ ማለት ነው። "ጋሼ፣ ፈንድ ልናቋቁም ነው፣ እስቲ ዕቅዳችንን እዩልን" የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል።

ደስ ይለኛል። ጊዜውም ተለውጧል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ ቆየ። አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚሸጡበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ተከፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ በስልኩ የገዛ ጎረቤት አለኝ። አክሲዮን ማለት ድሮ የባንክ ሠራተኛና የነጋዴ ጨዋታ ነበር።

ዕቅዳችሁን ሳነብ ግን አንድ ነገር ይጎድልብኛል። ስሙ ወጥቷል፣ ሎጎው ተሠርቷል፣ ምን እንደምትገዙ በዝርዝር ተጽፏል። ገንዘቡ እንዴት እንደሚገባ ገጽ በገጽ ላይ አለ። እንዴት እንደሚወጣ ግን ሁለት መስመር ነው፤ እሱም "በሚመለከተው ደንብ መሠረት" ይላል። ደንቡን የምታወጡት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?

ዕድሜዬን የጨረስኩት በኦዲት ሥራ ነው። ኦዲተር ብዙ ጊዜ የሚጠራው ነገር ከተበላሸ በኋላ ስለሆነ ዓይኔ ትንሽ ጨለምተኛ ነው። እሱን ቻሉልኝ። የማውቀውን ልንገራችሁ፦ አንድ ቀን አንድ ሰው ቢሯችሁ መጥቶ "ገንዘቤን ስጡኝ" ይላል። ዝግጅታችሁ ሁሉ ለዚያ ቀን ይሁን።

መጀመሪያ ገንዘቡ ያለው የት ነው? አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው የጋራ ኩባንያ መዝገብ እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። መሥራቹ ሐቀኛ ሰው ነበሩ። መዝገቡ ልቅም ያለ ነው፤ የአባል ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ፊርማ። ችግሩ ገንዘቡ የተቀመጠው በራሳቸው የግል ሒሳብ ነው። "ለጊዜው" ተብሎ ነው የተጀመረው። ሰውዬው በድንገት አረፉ። ወራሾቹ የአባታችን ነው አሉ፣ አባላቱ የእኛ ነው አሉ፣ ሒሳቡ ታገደ። አንድ ሳንቲም ያልተሰረቀበት ገንዘብ ስንት ዘመን ፍርድ ቤት ተንከራተተ። ሐቀኝነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ እንደዚያ ጉዳይ ያሳየኝ የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1774 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አምስተርዳም ውስጥ ቫን ኬትዊች የሚባል ነጋዴ ዛሬ የጋራ ፈንድ የምንለውን አቋቋመ። ከሁለት ዓመት በፊት በከተማዋ ትልቅ የገንዘብ ቀውስ ነበርና ሰው ሁሉ ፈርቷል። ሰነዶቹን ቢሮው ባለ የብረት ሣጥን አስቀመጠ፤ ሣጥኑ ግን ሦስት ዓይነት ቁልፍ ነበረው። ቁልፎቹን የያዙት ተቆጣጣሪዎቹና የውል አዋዋዩ ናቸው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የኛም የደብር ሙዳየ ምጽዋት ቢሆን በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም። በዛሬ ቋንቋ ካስቶዲያን፣ ማለትም ንብረት ጠባቂ፣ የሚባለው ይኸው ነው። ምን እንደሚገዛ የሚወስነው ሌላ፣ ንብረቱን የሚይዘው ሌላ፣ ሒሳቡን የሚመረምረው ሌላ። ጓደኛማቾች ስለሆናችሁ "እንተማመናለን" ትላላችሁ። እናንተማ ትተማመኑ ይሆናል፤ ወራሾቻችሁስ?

ቀጥሎ፣ ሰውዬው የሚሰጠው ስንት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ልጅ ይሳሳታል፤ ስለዚህ በቁጥር እንየው። አሥር ሰዎች 100,000 ብር እያዋጡ አንድ ሚሊዮን ሆነ። በ1,000 ድርሻ ተከፈለ፤ አንዱ ድርሻ 1,000 ብር። ከዓመት በኋላ ንብረቱ 1,300,000 ደረሰ። አሁን አሥራ አንደኛው ሰው 100,000 ብር ይዞ መጣ። "እንደ እኛው ነው" ብላችሁ 100 ድርሻ ብትሰጡት፣ በገባበት ቀን ድርሻው ከ127,000 ብር በላይ ያወጣል። ሃያ ሰባቱ ሺህ ከሌሎቹ ኪስ የወጣ ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላየም። የሚገባው ወደ 77 ድርሻ ነው። የሚወጣም ሰው እንዲሁ በዕለቱ ዋጋ ይውጣ። ዋጋውን ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ በምን ዘዴ እንደሚያወጣ አስቀድማችሁ ጻፉት። ገበያ ላይ ለሚሸጥ አክሲዮን ቀላል ነው። ለሕንፃ ወይም ለከብት ማድለቢያ ግን ከባድ ነው፤ "ግምት" የምትለዋ ቃል ብዙ ጠብ ትደብቃለች።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልምጣ። አባላት የምታገኙት ከየት ነው? ከአለታ ወንዶና ከበንሳ የቡና አቅራቢዎች፣ ከባለሆቴሎች፣ ከመምህራን። አቅራቢው እሸት ቡና የሚገዛው በመኸር፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ያኔ ጥሬ ገንዘብ እንደ አየር ያስፈልገዋል። መምህሩ የልጆቹን ክፍያ መስከረም ላይ ይከፍላል። ስለዚህ አባሎቻችሁ በአብዛኛው ቡና ነጋዴ ከሆኑ ሁሉም በአንድ ወር ይመጡባችኋል። ተናደውባችሁ አይደለም፤ ቡናው ደርሶ ነው። ዕቁብ ይህን ችግር ያቃለለው ዕጣ የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ በመቁረጥ ነው፤ በሳምንቱ መሐል ተነሥቶ "አሁኑኑ" የሚል አባል የለም። እናንተ ግን "በፈለጋችሁ ጊዜ ማውጣት ይቻላል" ብላችሁ መናኸሪያ አካባቢ ሕንፃ ከገዛችሁ፣ ሁለተኛ ፎቁን ቆርጣችሁ ልትሸጡ ነው? ወይ የመውጫ ጊዜውን ወስኑ፣ ወይ ከገንዘቡ የተወሰነውን ቶሎ በሚመለስ ነገር ያዙ። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ከ28 ቀን እስከ 364 ቀን አለ፤ መኸሩን አስባችሁ ልትመርጡ ትችላላችሁ።

ስለ ክፍያችሁ በአጭሩ። ከውጭ የተቀዳው ልማድ በዓመት ከንብረቱ 2 በመቶ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ነው። 20 ሚሊዮን ብር ብትሰበስቡ 2 በመቶው 400,000 ነው፤ በወር ሠላሳ ሦስት ሺህ ገደማ። ቢሮ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ኦዲተርና የእናንተ ደመወዝ ከዚያ ይወጣል? አይወጣም። እጃችሁ ቀስ በቀስ ወደ ሰው ገንዘብ የሚሄደው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ትርፉንም ተጠንቀቁ። ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 ባለፈበት በ2016 ክረምት ማግስት ብዙ ንብረት በብር ሲቆጠር "አተረፈ"። ያ የእናንተ ጉብዝና አይደለም፤ 20 በመቶ ልትወስዱበትም አይገባም። ከስንት በመቶ በላይ ያለው ትርፍ እንደሚያስከፍል ጻፉ።

ፈቃዱን እንደማትረሱት አምናለሁ። ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ደጃፍ መሄድ ግድ ነው። በቴሌግራም "ለመጀመሪያዎቹ 100 ሰዎች ልዩ ዋጋ" እያላችሁ አስቀድማችሁ መሰብሰብ ከጀመራችሁ ግን እኔን አታማክሩኝ፤ ጠበቃ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ለፈቃዱ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ቁጭ በሉና ሙከራ አድርጉ። ቀኑ ጥቅምት 15 ነው በሉ። ከአባላቱ ሲሶው በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዘባቸውን ጠየቁ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሕንፃው ገዢ አላገኘም። ማን ይፈርማል፣ በስንት ዋጋ፣ ከየትኛው ሒሳብ፣ በስንት ቀን? መልሱን በወረቀት ጻፉት። ባዶ የቀረውን መስመር ሳትሞሉ ከማንም አንድ ብር አትቀበሉ።