ስንሳሳም ለምን ይነዝረናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከአዲስ አበባ ወደ ዴንቨር ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የበር እጀታ በነካሁ ቁጥር ይነዝረኛል፤ ማታ ሹራቤን ሳወልቅ ይንጣጣል፣ መብራት ከጠፋማ ብልጭ ብልጭ ሲል አየዋለሁ። ባለፈው እሑድ አማቴን ስስማቸው ጉንጫቸው ላይ ጠጥ አለ። እሳቸው ደግሞ ፔስሜከር፣ የልብ ባትሪ የሚባለው፣ የተገጠመላቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስጠጋቸው «ቆይ ቆይ!» ይሉኛል። ጓደኛዬ «ደምሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ በዝቷል፣ ተመርመሪ» ብላኛለች። ምን ልመርመር?

መልስ፦ ደምዎ ምንም አልሆነ። መመርመር ያለበት ምንጣፍዎ፣ ካልሲዎና የቤትዎ አየር ነው።

ማንኛውም ነገር ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጅ አለ። እኩል ስለሆኑ አናውቃቸውም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ ግን ኤሌክትሮኖች፣ ኔጌቲቭ ቻርጁን የተሸከሙት ቅንጣቶች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ መፋተግ ደግሞ ያብሰዋል። በካልሲ ናይለን ምንጣፍ ላይ ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ሲሄዱ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ቻርጅ ሰውነትዎ ላይ ይጠራቀማል። ምንጣፉ ወደ መሬት እንዳይወርድ ስለሚያግደው መውጫ ሲያጣ ይቆይና፣ ጣትዎ ብረት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው በአየር ላይ ዘሎ ይሻገራል። ጠጥ የሚለው ያ ነው። የአማትዎ ጉንጭም ለእሱ ከእጀታው አይለይም።

አዲስ አበባ ይህን ያህል ያላስቸገረዎት በአየሩ እርጥበት ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው፤ የዴንቨር ክረምት ግን ደረቅ ብርድ ነው፣ ያ አየር ቤት ገብቶ በማሞቂያ ሲሞቅ ደግሞ ይብሱን ይደርቃል። እርጥበት ሲኖር ዕቃውም ቆዳውም ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ያርፋል፤ ቻርጁ በዚያ በኩል ቀስ እያለ ይሄዳል። ጥር ላይ አዲስ አበባም ብርድ ልብስ ሲታጠፍ እንደሚንጣጣ ልብ ብለው ይሆናል።

ቮልቱን ብነግርዎ ይደነግጣሉ። ንዝረቱ እንዲሰማን ወደ 3,000 ቮልት ያህል ያስፈልጋል፣ በደረቅ ቀን ከ10,000 ሊያልፍም ይችላል። አገር ቤት ሰው የሚገድለው የግድግዳ ሶኬት ግን 220 ነው! ምስጢሩ መጠኑና ጊዜው ላይ ነው። ከፎቅ ጣሪያ የምትወድቅ አንዲት ጠብታ ታስደነግጣለች እንጂ አትወስድም፤ የሶኬቱ ግን የማያቋርጥ ጎርፍ ነው። የእርስዎ ፍንጣሪ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት አልቋል።

ስለዚህ አማትዎን ይሳሙ። የልብ ባትሪ ከብረት በተሠራ ሽፋን ውስጥ የታሸገ ስለሆነ የቤት ውስጥ ፍንጣሪ አይጎዳውም። እኔ ብሆን ይልቅ ስልካቸውን በደረት ኪስ እንዳይዙ ነበር የምቆጣቸው፤ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ራስ ማዞር ወይም መሳት ካለባቸው ግን ፍንጣሪም ኖረ አልኖረ ለልብ ሐኪማቸው ይደውሉ።

ለንዝረቱ፦ አየር የሚያረጥብ መሣሪያ ገዝተው የቤቱን እርጥበት ወደ 40 በመቶ ያድርሱት። መስኮቱ ማላብ ከጀመረ በዝቷልና ይቀንሱ፣ ሻጋታ ያመጣል። ከታጠቡ በኋላ ወዲያው ሎሽን ወይም ቫዝሊን ይቀቡ፤ ቤት ውስጥ የጥጥ ካልሲ ያድርጉ። እጀታ ከመንካትዎ በፊት ቁልፍ ጨብጠው በጫፉ ይንኩት፤ ፍንጣሪው ከቁልፉ ስለሚዘል ጣትዎን አያምዎትም። ከመሳሳም በፊትም ይሠራል፣ አማትዎ ቢስቁብዎትም።

በእውነት የምፈራው ነዳጅ ማደያውን ነው። ቧንቧውን ሰክተው፣ በርዶዎት መኪና ውስጥ ገብተው ሲወጡ ከወንበሩ ጋር ይፋተጋሉ፤ ያ ፍንጣሪ የቤንዚን ትነት ሊያቀጣጥል ይችላል። ነዳጁ ሞልቶ እስኪያበቃ ውጭ ይቁሙ። ግድ ገብተው ከወጡም ቧንቧውን ከመያዝዎ በፊት ከነዳጅ መሙያው ራቅ ብለው የመኪናውን ብረት ይንኩ።

ከዚህ የተለየ ነገር ካዩ ግን ይጻፉልኝ። ፍሪጅ ወይም ምድጃ በነኩት ቁጥር፣ እጅዎን እስኪያነሱ ድረስ የሚነዝር ከሆነ ያ ስታቲክ፣ ማለትም እስካሁን ያወራነው በመነካካት የሚጠራቀመው ቻርጅ፣ አይደለም፤ መስመሩ ያፈስሳልና ዕቃውን ሳይነኩ መብራቱን ከቆጣሪው ሳጥን አጥፍተው ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ምንም ሳይነኩ እጅ እግርዎን የሚወጋዎት ወይም የሚያደነዝዝዎት ከሆነ ደግሞ ያኔ ነው ወደ እኛ የሚመጡት፤ ስኳርዎንና ቫይታሚን ቢ12ን እናያለን።