መጀመሪያ ቴነሩን ዘምሪው

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሙዚቃ መጻፍ ከጀመርሽ ስድስት ወር ሆኖሻል። ለአራት ድምፅ (ከላይ ወደ ታች ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ቤዝ) ስትጽፊ የቮይስ ሊዲንግ፣ ማለትም እያንዳንዱ ድምፅ ከኖታ ወደ ኖታ የሚሄድበትን መንገድ የሚመለከቱ ሕጎችን ዘርዝረሽ ከፊትሽ ትለጥፊያለሽ። እያንዳንዱን ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ከዝርዝሩ ጋር ስታመሳክሪ አራት ባር (አጭር የሙዚቃ ክፍልፋይ) ለመጨረስ አንድ ምሽት ይፈጅብሻል። ከዚያ የምትወጃቸውን ዘፈኖች ስታዳምጪ ያው «ክልክል ነው» የተባለው ነገር ሞልቶባቸው ታገኚዋለሽ። «ሕጎቹን ጨርሼ እስካውቅ መጻፌን ላቁም ወይስ ሕጎቹን እርግፍ አድርጌ ልተዋቸው?» ብለሻል።

እህቴ፣ ሁለቱንም አትተዪ። የምትማሪበትን መንገድ ግን ቀይሪው። እኔም እዚያው ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሜ ስለነበር ያወጣኝን ነገር ልንገርሽ።

ለኳየር (ለመዘምራን ቡድን) የጻፍኩት የመጀመሪያ ሥራ 16 ባር ነበር። በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ ደጋግሜ አረምኩት። ፓራለል ፊፍዝ (ሁለት ድምፆች እንደ ዶና ሶል በአምስተኛ ርቀት ሆነው አብረው መሄድ) የለም፣ ፓራለል ኦክቴቭ (ያው ነገር ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለ ርቀት) የለም። በጣም ተማምኜበት ለልምምድ ወሰድኩት። ሶፕራኖዎቹ ደህና ሄዱ። ቴነሮቹ ግን አምስተኛው ባር ላይ ቆሙ። እንደገና ጀመርን፣ እዚያው ቆሙ። በመጨረሻ አንዱ ዘፋኝ ወረቀቱን ይዞ መጣና «እስቲ አንተ ራስህ ዘምረው» አለኝ። አልቻልኩም። መስመሩ ከፋ ወደ ሲ ይዘላል፣ ከዚያ ወርዶ ሬ ላይ ያርፋል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ላ ይወጣል። አልቶዎቹ በበኩላቸው ሰባት ባር ሙሉ ሶልን ብቻ ይዘው ቆመዋል። ያን ቀን ማታ ወረቀቱን ዘርግቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ሁልጊዜ የማነበው ከላይ ወደ ታች፣ ኮርድ በኮርድ ነበር። አንዱን ድምፅ ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አንብቤ አላውቅም።

ቮይስ ሊዲንግ ማለት ይኸው የግራ ወደ ቀኝ ጉዞ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ከያዘው ኖታ ወደሚቀጥለው እንዴት ይሄዳል? አራት ሰዎች አራት ዜማ ይዘዋል፣ ዜማዎቹ ሲገናኙ ኮርድ ይፈጠራል። ዘርዝረሽ የለጠፍሻቸው ሕጎች አብዛኞቹ ለሁለት ነገር የቆሙ ናቸው። አንደኛው መስመሩ በሰው ጉሮሮ እንዲዘመር ነው። ሁለተኛው አድማጭ አራቱን ድምፅ ለየብቻ እንዲሰማቸው ነው።

በጣም ያስቸገረሽን ፓራለል ፊፍዝን ከዚህ አንጻር እዪው። አንድ የጊታር ክር ዶ ብሎ ሲጮህ ከላዩ ሌሎች ስስ ድምፆች አብረውት ይጮኻሉ። መጀመሪያ ከአንድ ኦክቴቭ በላይ ያለው ዶ፣ ቀጥሎ ከእሱ በላይ ያለው ሶል። ሶል ማለት እዚያው ዶ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለት ድምፆች በአምስተኛ ርቀት ሆነው አብረው ሲወጡ ወይም ሲወርዱ ጆሮ እንደ አንድ ወፍራም ድምፅ ይቀበላቸዋል። አራት ድምፅ ጽፈሽ ሦስት ይሰማል ማለት ነው። ኦክቴቭ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ አትቀበዪው። ኪቦርድሽ ላይ ዶና ሶልን አብረሽ ምቺ፣ ከዚያ ሬና ላ፣ ከዚያ ሚና ሲ። አሁን ደግሞ ዶና ሚ፣ ሬና ፋ፣ ሚና ሶል። ሁለተኛው ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ይሰማሻል። የመጀመሪያው ላይ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ልዩነቱ ጥርት ብሎ እስኪሰማሽ ድረስ ቀኑን ሙሉ ቢሆንም ደጋግሚው። አንዴ ከሰማሽው በኋላ ዝርዝር ማየት አያስፈልግሽም። ስትጽፊ ጆሮሽ ራሱ «እዚህ ጋ አንድ ሰው ጠፋ» ይልሻል።

የምትወጃቸው ዘፈኖች ነገርም እዚሁ ላይ ይፈታል። የሮክ ጊታር አምስተኛዎችን ደርድሮ ሲሄድ አንድ ድምፅ አወፍሮ እየተጫወተ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሊያሰማሽ አልፈለገም። ኦርኬስትራ ውስጥም ቼሎና ደብል ቤዝ አንድ መስመር ሲያነቡ ደብል ቤዙ አንድ ኦክቴቭ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ይህን ስህተት ነው የሚል የለም፤ አንድ መስመር ክብደት ተጨመረለት እንጂ። ፈረንሳዊው አቀናባሪ ደቡሲም ትይዩ ኮርዶችን ሆን ብሎ ለቀለም ተጠቅሞባቸዋል። እኔ አሁን ስጽፍ ራሴን የምጠይቀው «እዚህ ቦታ ላይ ስንት ድምፅ እንዲሰማ ነው የምፈልገው?» ብዬ ነው። መልሱ አራት ከሆነ ሕጉ ይሠራል። መልሱ አንድ ከሆነ አይመለከተኝም።

የምትማሪበት ቅደም ተከተል ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ሁሉንም ሕግ በአንድ ቀን አትሸከሚ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ያዢ፦ ሁለቱ ኮርዶች የሚጋሩት ኖታ ካለ እዚያው ድምፅ ላይ ይቆይ፣ ሌሎቹ ወደ ቅርባቸው ይሂዱ። ለምሳሌ ዶ ሜጀር (ዶ፣ ሚ፣ ሶል) ላይ ከታች ወደ ላይ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ ይዘሻል እንበል። ወደ ሶል ሜጀር (ሶል፣ ሲ፣ ሬ) ስትሄጂ ቤዙ ወደ ታች ወደ ሶል ይወርዳል። ቴነሩ ሶልን እንደያዘ ይቆያል። አልቶው ከዶ ወደ ሲ፣ ሶፕራኖው ከሚ ወደ ሬ አንድ አንድ እርምጃ ይወርዳሉ። ይኸው ነው። በዚህ አንድ ልማድ ብቻ ብዙዎቹ ስህተቶች ሳታስቢያቸው ይጠፋሉ።

የሚቀጥለው ሳምንት ከፋ ሜጀር (ፋ፣ ላ፣ ዶ) ወደ ሶል ሜጀር ነው። ይህ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ቦታ ነው፤ ሁለቱ ኮርዶች የሚጋሩት ኖታ የለማ! እጅሽ ሁሉንም አንድ እርምጃ ወደ ላይ መግፋት ያምረዋል፤ ገፋሽው ማለት ደግሞ ፊፍዙም ኦክቴቩም ተከታትለው ይመጣሉ። መውጫው ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ቤዙ ከፋ ወደ ሶል ሲወጣ ከላይ ያሉት ሦስቱ ይውረዱ፦ ዶ ወደ ሲ፣ ፋ ወደ ሬ፣ ላ ወደ ሶል። ይህን በተለያየ ኪይ (ከተለያየ መነሻ ኖታ) እስኪሰለችሽ ጻፊው። እኔ አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌዋለሁ፤ በደስታም ነበር።

ከዚያ ሲ ወደ ዶ መውጣት እንደሚፈልግ፣ ሶል ሰቨንዝ (ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ) ውስጥ ያለው ፋ ደግሞ ወደ ሚ መውረድ እንደሚፈልግ ትማሪያለሽ። ሲን አቀንቅነሽ እዚያው ቁሚ። ያስጨንቃል። ያ ጭንቀት ነው ሕጉ። ሲን ሁለት ድምፅ ላይ አትድገሚ የሚባለውም ከዚሁ ይመጣል፤ ሁለቱም ወደ ዶ ከሮጡ ኦክቴቭ ሆነው ይሄዳሉ።

የድምፅ ወሰን ቶሎ የሚያዝ ነገር ነው። ሶፕራኖ ከመካከለኛው ዶ (ኪቦርድ መሃል ካለው ዶ) ወደ ላይ እስከ ሁለተኛው ሶል፣ ቴነር ልክ ከእሷ አንድ ኦክቴቭ ዝቅ ብሎ። አልቶ ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ሶል እስከ ላይኛው ዶ፣ ቤዝ ከመካከለኛው ዶ ጀምሮ ወደ ታች ሁለተኛው ሚ ድረስ። ለጀማሪ ይህ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። የጻፍሽውን በኮምፒውተር ብቻ እያሰማሽ አትፍረጂ። ፕሮግራሙ የሰጠሽውን ዝላይ ሁሉ ይጫወታል። ትንፋሽ አያጥረውም፣ ኖታውም አይጠፋበትም። አራቱንም መስመር አንድ በአንድ በራስሽ ድምፅ ዘምሪያቸው፤ ካልደረስሽበት ኦክቴቭ ቀይሪ። መጀመሪያ ቴነሩን፣ ከዚያ አልቶውን፤ የመሃል ድምፆች ናቸው ሁልጊዜ የሚረሱት። ቀጥሎ ቤዙን በኪቦርድ እየመታሽ ቴነሩን ዘምሪ። የምትደናቀፊበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። ዘጠና በመቶ ስህተቱ እዚያው ነው ብል ማጋነን ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ግን ሁልጊዜም እዚያው ነበር።

«ሳልጨርስ ልጻፍ ወይ?» ላልሽው፦ ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1792 ቪየና ገብቶ አቀናባሪው ሃይድን ዘንድ የካውንተርፖይንት (ዜማን በዜማ ላይ የመጻፍ) ልምምድ ሲጀምር ከዚያ በፊት ሥራዎቹ ታትመውለት ነበር። የሚሠራው ልምምድ አቀናባሪው ዮሃን ዮሴፍ ፉክስ በ1725 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው መምህርና ተማሪ ሲነጋገሩ ሆኖ ነው። የሚጀምረው ለአንድ ኖታ አንድ ኖታ በመመለስ፣ በሁለት ድምፅ ብቻ ነው። አራት ድምፅ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። አንቺ ግን ከአራቱ ጀመርሽ፤ የከበደሽ ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ወር ያህል ሶፕራኖና ቤዝ ብቻ ጻፊ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሰሙ ካማሩ የመሃሉ ይሞላል።

ሁለተኛው መምህርሽ ጀርመናዊው አቀናባሪ ባኽ ይሁን። የአራት ድምፅ ኮራሎቹ (የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች) በታወቀው ስብስብ 371 ናቸው። አንዱን ውሰጂ፣ ሶፕራኖውንና ቤዙን ብቻ ገልብጪ፣ አልቶና ቴነሩን ራስሽ ሙዪ፣ ከዚያ ከእሱ ጋር አስተያዪ። ብዙ ጊዜ ባኽ ራሱ አልቶ ወይም ቴነር ላይ ያለችውን ሲ ወደ ዶ ከማውጣት ይልቅ ወደ ሶል ሲጥላት ታያለሽ። ኮርዱ ሙሉ እንዲሆን ነው። የመሃል ድምፅ ስለሆነችም ጆሮ ብዙም አይቆጣም። ሶፕራኖ ላይ ግን ይህን ሲያደርግ ብዙ አታገኚም። የትኛው ሕግ የት ቦታ እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ ያስተማረኝ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይህ ልምምድ ነው።

የራስሽን ሙዚቃ ስትጽፊ ደግሞ ዝርዝሩን ከፊትሽ አንሺው። እንደመጣልሽ እስከ መጨረሻው ጻፊ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ዘምሪውና ያን ጊዜ አርሚ። ልምምድና ድርሰት በተለያየ ሰዓት ይሁኑ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ሁለቱም ይሞታሉ።

ያችን 16 ባር በኋላ እንደገና ጻፍኳት። ቴነሩ ከሦስተኛ ርቀት (ለምሳሌ ከዶ ወደ ሚ) በላይ እንዳይዘል አደረግኩ። ለአልቶዎቹም ወጣ ገባ የምትል ትንሽ ዜማ ሰጠኋቸው። ያ ዘፋኝ መስመሩን አንዴ በልቡ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳይቆሙ እስከ መጨረሻው ዘመሩት። ኮርዶቹ ያው የበፊቶቹ ነበሩ።