ከሲያትል ወደ ፊኒክስ፦ ከከተማው በፊት ሺፍቱን

«ሲያትል በቃኝ። ኅዳር ሲገባ ሰውነቴ ይከብደኛል፣ ዶክተሬም ቫይታሚን ዲ አንሶሻል ብላኛለች። ነርስ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ናይት ሺፍት ሠርቻለሁ። ፊኒክስ ወይም ላስ ቬጋስ ብሄድ ይሻለኛል? ሥራውስ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ እህቴ፦

ከጻፍሽልኝ ሁሉ ዓይኔን የያዘው «ናይት ሺፍት» የሚለው ነው። በታኅሣሥ ሲያትል ላይ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ አንቺ 1 ተኩል ላይ ታማሚዎችሽን አስረክበሽ በጨለማ ትነጃለሽ። መጋረጃውን ግጥም አድርገሽ ተኝተሽ 9 ተኩል ላይ ብትነሺ፣ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ደግሞ ትጠልቃለች። ይህንኑ ኑሮ ፊኒክስ ብትወስጂው እዚያም ቀኑን በእንቅልፍ ነው የምታሳልፊው። ስለዚህ መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት ማናጀርሽን ደይ ሺፍት ጠይቂ። የሌሊቱ ጭማሪ ይቀርብሻል፤ ይቅር።

የከተማውም ጥፋት አለበት። ሲያትል በስተሰሜን 47ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነች የክረምት ጨረሯ ቫይታሚን ዲ ለማሠራት አቅም የለውም፤ የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ለዚያ ግን ኪኒን አለ። ለድብርቱም ጠዋት ግማሽ ሰዓት ፊት ለፊቱ የሚቀመጡበት በጣም ደማቅ፣ የ10,000 ሉክስ መብራት አለ። ዝርዝሩን ለነርስ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ከዶክተርሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ፊኒክስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሲያዩዋት ታሳስታለች። ሐምሌ ላይ ሌላ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ 110 ፋራናይት ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል፤ በዚያው ዓመት ፊኒክስ ባለችበት በማሪኮፓ ካውንቲ 645 ሰዎች ከሙቀት ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። ሰው ከኤሲ ወደ ኤሲ እየተሯሯጠ ነው የሚከርመው። አስም ካለብሽ አቧራውንም አስቢበት።

ወደ ሥራው ስንመጣ የሲያትል ስቴት ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2023 የነርሶች ኮምፓክት (ስቴቶች አንዱ የሌላውን የነርስ ፈቃድ የሚቀበሉበት ስምምነት) ውስጥ ገብታለች፣ የፊኒክሷ አሪዞናም አለችበት። በኮምፓክቱ ስቴቶች ሁሉ የሚሠራውን መልቲስቴት ላይሰንስ ካወጣሽ አሪዞና ሄደሽ መሥራት ትችያለሽ፤ ጠቅልለሽ ስትገቢ ግን በ60 ቀን ውስጥ የአሪዞናውን ማመልከት አለብሽ። ኔቫዳ ኮምፓክቱ ውስጥ ስለሌለች ለላስ ቬጋስ በኢንዶርስመንት፣ ማለት ባለሽ ፈቃድ መሠረት አመልክተሽ፣ ለብቻው ታወጫለሽ፤ እሱን አስቀድመሽ ጀምሪ። ላስ ቬጋስ ሐበሻው ብዙ ነው፣ የስቴት ገቢ ግብርም የለም፤ ብቸኝነትም ከከበደሽ እኔ ወደዚያ ባደላ አይገርምሽ። አሪዞና 2.5 በመቶ ትቆርጣለች፣ የነርስ ደመወዟም በአማካይ ከዋሽንግተን ያንሳል። ሂሳቡን ከቤት ኪራዩ ጋር ሥሪው።

ጠቅልለሽ ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ የ13 ሳምንት ትራቭል ኮንትራት (ለአጭር ጊዜ ሌላ ከተማ ሄዶ የመሥራት ውል) ውሰጂ፣ ሆን ብለሽ በሐምሌው ሙቀት። ደይ ሺፍት መሆኑ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሪክሩተር በስልክ የሚልሽ አይቆጠርም። የሲያትሉን ሥራ ደግሞ ከፈቀዱልሽ ወደ ፐርዲየም፣ ማለት ሲያስፈልግ ብቻ ወደሚሠራበት፣ አዙረሽ አቆዪው።