«5 ኪሎ ምን ይፈይዳል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ47 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ከአምስት ወር በፊት 96 ኪሎ እመዝን ነበር። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 114 ሆኖ «ድንበር ላይ ነሽ» ስባል ጣፋጭ መጠጥ ትቼ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። 91 ከደረስኩ በኋላ ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲለኝ፣ እህቴ ለደም ግፊቷ ከምትወስደው የሚያሸና ክኒን ሦስት ሳምንት ወሰድኩ፤ ስራመድም ሆዴን በላስቲክ እጠቀልላለሁ። አሁን 89 ነኝ። ለቁመቴ የሚመጥነው ግን ወደ 65 ኪሎ ነው ይላሉ። መቼ ልደርስ ነው? እናቴ በስኳር እግሯ ተቆርጦ ዓመት ሳትቆይ ነው ያረፈችው። ይህ ሁሉ ድካሜ ለከንቱ ነው?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልነሳ፤ ከእናትዎ። ነፍሳቸውን ይማር። ስኳር ባለበት ቤት ያደገ ሰው «ድንበር ላይ ነሽ» ሲባል የሚሰማው «ተራሽ ደረሰ» የሚል ነው። አልደረሰም። እግር የሚያስቆርጠው ለዓመታት ልጓም ያላገኘ ከፍተኛ ስኳር ነው፤ ነርቭን ያደነዝዛል፣ የደም ስርን ያጠባል፣ ከዚያ ሰውየው እንኳ ያላወቀው ትንሽ ቁስል ያመረቅዛል። የእርስዎ 114 ነው። በሽታ የሚባለው ከ126 ጀምሮ ነው፤ ያውም በድጋሚ ተለክቶ። ከእናትዎ አልጋ በጣም ሩቅ ነዎት።

እንዲያውም ስለ እርስዎ ዓይነት ሰዎች በደንብ እናውቃለን። በአሜሪካ ስኳራቸው ድንበር ላይ የነበረ ከ3,200 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት በ2002 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ታትሟል። የሰዎቹ አማካይ ክብደት 94 ኪሎ ገደማ ነበር። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር፤ 65 ኪሎ ግቡ ያለው ሰው የለም። በአማካይ የቀነሱት 5.6 ኪሎ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ሲከታተሏቸው ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው በ58 በመቶ አንሶ ተገኘ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ያገኙት 31 በመቶ ነው። እነዚያ ሰዎች በጥናቱ ማብቂያ ላይ መንገድ ላይ ቢያዩዋቸው «ወፍራም» ይሏቸው ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ክብደት ሲቀንስ ቀድሞ ከሚሸሸው ውስጥ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የተከማቸው ስብ አለ፤ ስኳርን ከደም የሚያወርደውን ኢንሱሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ የሚያዳክመው ደግሞ በዋናነት እሱ ነው። ጉበትዎ ከመስታወት ፊት አይቆምም፤ ስለዚህ መስታወቱ ምንም ሳይነግርዎ ስኳሩ ይሻሻላል። ጉልበትዎን ይጠይቁት፣ እሱ ቶሎ ይመሰክራል፤ የጉልበት ብግነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲለካ አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከመገጣጠሚያው ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና አንስቷል። ደም ግፊትም ይወርዳል፣ ማንኮራፋትም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ክኒኑ። በእውነት ተናድጃለሁ፣ ልደብቅዎ አልችልም። አምስት ወር በእግርዎ ሄደው ያመጡትን ውጤት በሦስት ሳምንት ሽንት ለወጡት!

ይህ «ውሃ ከወጣ ስብ ወጣ» የሚሉት ነገር ሐኪም ከሆንኩ ጀምሮ እየተከተለኝ ነው። አንድ ታካሚ ከሸሚዙ ሥር ላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። ሲፈታው ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። «ይኸው ስቡ ቀለጠ» አለኝ በኩራት። ስንመዝነው ካለፈው ቀጠሮ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ቀንሷል። ተራ እስኪደርሰው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ጠጣ፤ እንደገና ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ አብዛኛው ተመልሷል። ሁለታችንም ቁጥሩን ትክ ብለን አየነው። በቀጣዩ ቀጠሮ ግን እንደገና በላስቲክ መጣ፤ ምን ልበልዎ።

ስብ በላብ አይወጣም። ላብ ቆዳን የሚያቀዘቅዝ ውሃና ጨው ነው። ሰውነት 10 ኪሎ ስብ ሲያቃጥል 8.4 ኪሎ ያህሉ ካርቦንዳይኦክሳይድ ሆኖ የሚወጣው በትንፋሽ ነው፤ የቀረው ወደ ውሃ ይለወጣል። አዎ፣ ስብዎን የሚተነፍሱት ነው። ዳገት ሲወጡ የሚያለከልኩት ትንፋሽ ከላስቲኩ ይልቅ ሠርቶልዎታል። ላስቲኩ የሚያደርገው ሰውነትዎ እንዳይቀዘቅዝ ማገድ ነው፤ የሚያሸና ክኒን እየወሰዱ ያንን መጨመር ደግሞ ራስን ስቶ መውደቅን መጋበዝ ነው።

የሚያሸና ክኒን ከውሃው ጋር ጨውንና ፖታሲየምን ጠርጎ ያወጣል። ፖታሲየም ሲጎድል መጀመሪያ ባት በሌሊት ይሸመቀቃል፣ ጡንቻ ይዝላል፤ ሲብስ የልብ ምት ይዛባል። ኩላሊትም ውሃ ሲያጥረው ይጎዳል። ደግሞ ይህን ይስሙ፦ ለደም ግፊት በብዛት ከሚታዘዙት የሚያሸኑ ክኒኖች አንዳንዶቹ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ስኳር ፈርተው የወሰዱት ነገር ማለት ነው። ለእህትዎ መድኃኒት ነው፤ ለእርስዎ አይደለም።

ክኒኑን ዛሬ ያቁሙ፣ ላስቲኩንም ይጣሉት። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደው የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ያድርጉ፤ የወሰዱትንም ሳይደብቁ ይንገሩ፣ አይቆጡዎትም (እኔ ተቆጥቼ ጨርሻለሁ)። ልብዎ ዝልል ዝልል ካለ ወይም ሲነሱ ዓይንዎ ከጨለመ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ያኔውኑ ይሂዱ። ሚዛኑ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ 91 ሲመለስ ደግሞ አይደንግጡ። መጀመሪያም ከ91 አልወረዱም ነበር።

ከ96 ወደ 91 መውረድ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ ነው፤ በላብም በሽንትም ያልመጣ፣ የራስዎ። 7 በመቶ የሚባለው 89 አካባቢ ሲደርሱ ነው፤ ሁለት ኪሎ ገደማ ቀርቶዎታል። ሚዛን ለወር ሁለት ወር መቆሙ የተለመደ ነው፤ ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለውም ያንሳል። ጣፋጭ መጠጡን ትተዋል፤ ቀጥሎ ሳህኑ ላይ ትንሽ ይቀንሱ፣ መንገዱን አሥር ደቂቃ ያርዝሙት። ያገኙትን ይዘው መቆየትም ራሱ ሥራ ነው። በሦስት ወር ስኳርዎን እንደገና ያስለኩ፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ (ኤችቢኤ1ሲ) ጭምር።

ሳይጥሩ ኪሎ መውረድ ከጀመረ፣ በተለይ ከውሃ ጥምና ከሽንት ብዛት ጋር፣ ያ የምሥራች አይደለም፤ ቶሎ ይታዩ።

እህትዎንም ወደ ሐኪም ይዘዋት ይሂዱ። ሦስት ሳምንት ክኒኗን ሲካፈሉ እሷ ግፊቷን በምን ይዛው ኖሯል?