መልስ፦ ሲጋራ ሳያጨሱ ሳንባ ይታመማል ወይ?

እናትህ ሲጋራ በአፋቸው ሳይዞር ሐኪሙ «ሳንባዎ ተጎድቷል» ስላላቸው ግራ ገብቶህ ነው የጠየቅከው። ያጋጥማል ወንድሜ። የሳንባ ካንሰር ዋናው መንስኤ ሲጋራ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም።

አንተው እንደጻፍከው፣ እማማ ዕድሜ ልካቸውን በእንጨትና በኩበት እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት የታፈነ ጭስ ቀላል ነገር አይደለም። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ለዓመታት ሲደጋገም የአየር ቧንቧውን ያስቆጣል፣ ያጠብበዋል። ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ በዚህም ይመጣል። ካንሰሩን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የማገዶ እንጨት ጭስን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል።

አባትህ ቤት ውስጥ ያጨሱ ነበር? የሌላ ሰው ሲጋራ ጭስ መተንፈስም ይቆጠራል። ድሮ ቲቢ ይዟቸው ከነበረም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ጠባሳ ትቶ ሊሆን ይችላል። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው አክታቸው ይመርመር፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራ በነፃ ነው። ደም የቀላቀለ አክታ ካዩ ወይም ያለ ምክንያት ከከሱ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት ከቻልክ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበል። መብራት ሲጠፋ ደጅ ይጋገር።